ለዘመናት ተዘግቶ የቆየ ሀገር፦ ልሂድ ወይስ ልቅር?

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የአክስቴ ልጅ ከቤጂንግ ደወለልኝ። ደብረ ማርቆስ ያደገ ልጅ ነው። ያኔ ቻይና ሁለተኛ ዲግሪውን ይማር ነበር። «ወንድምዓለም፣ ፒዮንግያንግን ልየው ብዬ ተነሥቻለሁ። ምን ትላለህ?» አለኝ። በዚያን ጊዜ ከቤጂንግ በባቡር፣ በዳንዶንግ በኩል ድንበር አሻግረው ሰሜን ኮሪያን በቡድን የሚያስጎበኙ ድርጅቶች ነበሩ። የአንዱን ማስታወቂያ አይቶ ልቡ ሸፍቷል።

እኔን የጠየቀኝ ሰሜን ኮሪያን ስለማውቃት አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ለዓመታት እንግዳ ሳስጎበኝ ስለኖርኩ ነው። ወደ ዘጌ በጀልባ፣ ወደ ጢስ ዓባይ በመኪና ብዙ ሰው ወስጃለሁ። ሰው የማያውቀው ሀገር ሲገባ ምን እንደሚያስደስተውና ምን እንደሚያስደነግጠው ከቅርብ አይቻለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ በስልክ አወራን። ጥያቄዎቹን እኔ በደብተር፣ እሱ በስልኩ ጻፍን። ከዚያ ወዲህ ስለ ሳዑዲ፣ ስለ ቡታን፣ ስለ ኤርትራም የጠየቀኝ ሁሉ መልስ ያገኘው ከዚያው ደብተር ነው። አሁን አስተካክዬ ለእናንተ ጻፍኩት።

ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱባቸው። የፊተኞቹ ከባድ ናቸው። አንዱ ላይ «አይሆንም» የሚል መልስ ካገኛችሁ የቀሩትን መመለስ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

አንደኛ፦ ለምን ተዘጋ? የዘጋው ነገርስ አሁን አለ ወይ?

ብዙ ሰው የሚጀምረው «ተከፍቷል ወይ?» ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ለምን እንደተዘጋ ጠይቁ እላለሁ።

እኛም ተዘግተን እናውቃለን። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ፣ ሀገራችን ለአውሮፓውያን ከመቶ ዓመት በላይ በሯን አጥብባ ኖራለች። በመካከሉ ጎንደር የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ በታላቁ ኢያሱ ዘመን የመጣው ፈረንሳዊው ፖንሴ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 እዚሁ ጎጃም፣ ሰከላ ወርዶ ግሽ ዓባይን ያየው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ሁለቱም በሩን ያለፉት በሕክምና ነው። ፖንሴ ንጉሡን ሊያክም ተጠርቶ ነበር። ብሩስ ደግሞ በቤተ መንግሥቱ ፈንጣጣ የያዛቸውን አስታመመ። ሀገሪቱ የዘጋችው በሃይማኖት ጣልቃ ስለገቡባት ነበር። ያለፉት ያንን ቁስል ያልነኩት ናቸው።

ስለዚህ የተዘጋበትን ምክንያት ማወቅ ታሪክ ለማወቅ ብቻ አይደለም። እዚያ ስትደርሱ የትኛውን ቁስል መንካት እንደሌለባችሁ ይነግራችኋል። በሩ ተመልሶ ይዘጋ እንደሆነም ያመለክታል።

አልባኒያን ውሰዱ። በኤንቨር ሆጃ ዘመን ዓለምን ሁሉ ተጠራጥራ፣ ሀገሩን በኮንክሪት ምሽግ ሞልታ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ሃይማኖትን ሳይቀር ከልክላ ተዘግታ ነበር። ያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1991 አበቃ። የዘጋው ነገር ስለጠፋ ዛሬ አልባኒያ መሄድ እንደማንኛውም ሀገር መሄድ ነው።

ቡታን ሌላ ናት። እ.ኤ.አ. እስከ 1974፣ ንጉሥ ጂግሜ ሲንግዬ ዋንግቹክ ዘውድ እስከጫኑበት ዓመት ድረስ፣ ለቱሪስት ዝግ ነበረች። ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የዘጋችው ባህሏና ተራሮቿ በእንግዳ ብዛት እንዳይጠፉባት ፈርታ ነው። ፍርሃቱ ዛሬም አለ። ግን በቀረጥ ነው የምትቆጣጠረው። በሩ የሚከፈትበትና የሚጠብበት መንገድ በግልጽ የተጻፈ ስለሆነ፣ ድንገት ይዘጋብኛል ብሎ መሥጋት ብዙም አያስፈልግም።

ሰሜን ኮሪያ ላይ ግን የዘጋው ነገር አንዱም አልተነካም። ጎብኚ የምታስገባው የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ነው። እንዲህ ያለው በር ባንድ ሌሊት ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በኮሮና ምክንያት ድንበሯን ዘጋች። ከዓመታት በኋላ፣ በየካቲት 2025 ራሶን የተባለውን አካባቢ ለምዕራባውያን ጎብኚዎች ከፈተች። ሳምንታት ቆይታ መልሳ ዘጋችው።

ኤርትራ ደግሞ ለኛ የሆድ ነገር ናት። ዝግ የሆነችው በሁለት ወንድማማቾች ጠብ ነው። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ስምምነት ሲፈረም ስንቱ ቤት አለቀሰ! መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በአውዳመቱ ቀን በዛላምበሳና በቡሬ ድንበር ተከፈተ። ቡሬ ስል የኛዋ የጎጃሟ ቡሬ አይደለችም፣ በአሰብ መንገድ ያለችው ናት። ዓመት ሳይሞላ በሮቹ ተራ በተራ ተዘጉ። የአውሮፕላን በረራውም ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ቆመ። አሥመራ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች፣ ያያት ሁሉ የሚወዳት ከተማ ናት። ግን የጠቡ ሥር ሳይነቀል የተከፈተ በር ምን ያህል እንደሚቆይ አይተናል።

ደብተራችሁ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «የተዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። ምክንያቱ አሁን አለ (ወይም የለም)።» አለ ካላችሁ፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ትቆያላችሁ።

ሁለተኛ፦ የተከፈተው ለማን ነው?

ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 መጨረሻ የቱሪስት ቪዛ መስጠት ስትጀምር ዜናው «ሳዑዲ ለዓለም ተከፈተች» የሚል ነበር። የተከፈተችው ግን ለ49 ሀገራት ፓስፖርት ነው። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። በኋላ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ ወይም የሼንገን ቪዛ ላላቸው መንገድ ተፈልጓል። ስለዚህ ቪዲዮውን ያየነው ፈረንጅ እንዴት እንደገባ አይደለም ቁም ነገሩ። በኛ ፓስፖርት፣ ከምንኖርበት ቦታ፣ በየትኛው የቪዛ ዓይነት እንደሚገባ ነው። ጥያቄውን ለራሱ ለሀገሩ ኤምባሲ አቅርቡ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የምትሸጋገሩባቸውን ሀገራትም አትርሱ። ለምሳሌ ቡታን ለመግባት በዴልሂ የምታልፉ ከሆነ የሕንድ ቪዛ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ትኬት ሳትቆርጡ አረጋግጡ።

አሁን የምጽፈውን በተለይ የሀገሬ ልጆች፣ የደንበጫውም የሞጣውም የዳንግላውም፣ ልብ ብላችሁ አንብቡት። የቱሪስት ቪዛ የሥራ ቪዛ አይደለም። ደላላ መጥቶ «በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ እዚያ ሥራ አለ» ካለህ፣ ወንድሜ፣ የምታነበውን መመሪያ እዚህ ላይ አቁምና ከዚያ ሰው ራቅ። ብዙ ወጣቶች ታይላንድ ሥራ አለ ተብለው ሄደው፣ ድንበር ተሻግረው ሚያንማር ውስጥ በኢንተርኔት ሰው የሚያጭበረብሩ ግቢዎች ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከማያዋዲ አካባቢ ከወጡት ሺዎች መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሚያንማር ራሷ ለአሥርተ ዓመታት ተዘግታ የቆየች፣ ተከፍታ የነበረች፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ዳግም የጨለመች ሀገር ናት። ማንም የማያውቀው ሀገር ለደላላ የሚመች ሀገር ነው።

ሦስተኛ፦ ውስጥ ሆኜ ቢዘጋብኝስ?

የመመሪያው ልብ ይሄ ነው። የአክስቴን ልጅ ያቆመውም ይሄው ጥያቄ ነው።

የዚህን ጥያቄ ክብደት በዓይኔ ያየሁት ግን በኋላ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ባልና ሚስት እንግዶች ነበሩኝ። የባሕር ዳር በረራ ለቀናት ቆመ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የትኬታቸው፣ የኢንሹራንሳቸውና የኤምባሲያቸው መረጃ ሁሉ ያለው ኢሜይላቸው ውስጥ ነው። ስልኩን ይዘው ምንም ማንበብ አልቻሉም። ሴትዮዋ አንድ ነገር አድርጋ ነበር። ከቤቷ ስትነሣ የኤምባሲያቸውን ስልክ፣ የኢንሹራንሱን ቁጥርና የልጇን አድራሻ በእጇ ጽፋ ፓስፖርቷ ውስጥ አጥፋ አስቀምጣለች። ያቺ ብጣሽ ወረቀት አወጣቻቸው። የተኩስ ድምፅ እየሰማን እኔ ቤት ሽሮ በልተን፣ በረራው ሲከፈት ሸኘኋቸው። ያን ቀን ያየሁትን የሴትዮዋን ፊት አልረሳውም።

ከአክስቴ ልጅ ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አራት ነገር አስጽፋለሁ።

የመጀመሪያው፣ እዚያ ሀገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ አለ ወይ የሚለው ነው። ሪያድ ላይ አለን። ፒዮንግያንግና የቡታን ዋና ከተማ ቲምፉ ላይ የለንም። ኤምባሲ የሌለበት ሀገር አይኬድም ማለቴ አይደለም። ግን ብትታመሙ ወይም ብትታሰሩ የሚመጣላችሁ ሰው ከየት እንደሚነሣ ማወቅ አለባችሁ። ኦቶ ዋርምቢየር የተባለውን አሜሪካዊ ተማሪ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ፒዮንግያንግ ላይ ከሆቴል የፕሮፓጋንዳ ጽሑፍ አውርደሃል ተብሎ ታሰረ። 15 ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ራሱን ስቶ ለሀገሩ ተሰጠ፤ በቀናት ውስጥ ሞተ። አሜሪካን የሚያህል መንግሥት ከጀርባው ነበር።

ሁለተኛው፣ መውጫው ስንት ነው? አውሮፕላኑ ቢቆም በየብስ የሚወጣበት ድንበር አለ? በዚያኛው ወገን ላለው ሀገርስ ቪዛ አላችሁ? እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የሩሲያ ዲፕሎማቶች ከነልጆቻቸው ከሰሜን ኮሪያ የወጡት በሐዲድ ላይ ጋሪ በእጃቸው እየገፉ ነው። ዲፕሎማት እንዲህ ከወጣ ተማሪ እንዴት ይወጣል?

ሦስተኛው ኢንሹራንስ ነው። ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ ጦርነትንና ብጥብጥን አይሸፍንም። መንግሥት «አትሂዱ» ያለበትን ቦታም የማይሸፍን ብዙ ነው።

አራተኛው፣ ሁለት ወይም ሦስት መንግሥታት ለዜጎቻቸው የሚያወጡትን የጉዞ ማሳሰቢያ አነጻጽሩ። ከዚያ ግን እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ። እንዲህ የምለው የኛን ስለማውቅ ነው። በማሳሰቢያው ካርታ ላይ ጎጃም በሙሉ አንድ ቀለም ተቀብቷል። እዚህ የምንኖር ሰዎች ግን ከተማውንና የገጠሩን መንገድ፣ የትናንቱንና የዛሬውን ቀን ለይተን እናውቃለን። ካርታው ውሸታም አይደለም። የሚጠነቀቀው ለሩቅ ሰው ነው። ሁለቱንም ስሙ፤ ከተጣሉባችሁ ጥንቃቄ የበዛበትን ያዙ።

የአክስቴ ልጅ እነዚህን አራቱን ለመመለስ ሦስት ቀን ፈጀበት። በመጨረሻ «እናቴ ማንን ትጠይቃለች?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እሱም ተወው። ሊሄድ ያሰበው በቻይናውያን አዲስ ዓመት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 መጨረሻ ነበር። በዚያው ሰሞን ድንበሩ ተዘጋ።

አራተኛ፦ ገንዘቤ ማን እጅ ይገባል?

ሚያንማር ላይ ይህ ጥያቄ ዓለምን አከራክሯል። ወታደራዊው መንግሥት እ.ኤ.አ. 1996ን የጉብኝት ዓመት ብሎ ሲያውጅ፣ መንገዱና ግንባታው በግዳጅ ሥራ እንደሚሠራ በሰፊው ይነገር ነበር። የተቃዋሚዎቹ መሪ አውን ሳን ሱ ቺ ጎብኚዎች እንዳይመጡ ጠየቁ። ፓርቲያቸው ሐሳቡን ያላላው ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ወደ 2011 ገደማ ነው። ያኔም በግል የሚመጣውን እንቀበላለን፣ በትልልቅ ጥቅል ጉዞ የሚመጣውን ግን አንደግፍም አሉ።

እኔ የቆምኩት በዚያኛው ወገን ነው። ማለትም እንግዳ ሲቀር ጦሙን ከሚያድረው ወገን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የጣና ጀልባዎች ታስረው የዋሉባቸውን ቀናት ቆጥሬ አልጨርሰውም። አብሮኝ ያስጎበኝ የነበረ ጓደኛዬ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ዘጌ ላይ ቡናና የእጅ ሥራ የምትሸጥ እናት የጠብን ምክንያት አልፈጠረችም። እንግዳ ሲቀር ግን ቀድማ የምትጎዳው እሷ ናት። ስለዚህ «አትሂዱ» የሚለው ቃል ቀላል አይደለም።

ግን የሚያንማሮቹ ጥያቄም እውነት ነው። ሁለቱን የማስታርቀው እንዲህ ነው። የጉዞውን ወጪ ዘርዝሩ፦ ቪዛ፣ አስጎብኚ ድርጅት፣ ሆቴል፣ ምግብ፣ መኪና። ከእያንዳንዱ ጎን ባለቤቱን ጻፉ። ከመንግሥት እጅ ውጭ ሆኖ እናንተ የምትመርጡት ማደሪያ፣ ምግብ ቤት ወይም ሾፌር አለ? ካለ ገንዘባችሁ ባለጀልባው ጋ የሚደርስበት መንገድ አለ ማለት ነው። ሁሉም በመንግሥት የተያዘ፣ ከሆቴል ብቻችሁን እንኳ መውጣት የማትችሉበት ከሆነ ግን ያ መንገድ የለም። እኔ እንዲህ ያለውን ጉዞ አልሄድም። ሌላው ሰው ከራሱ ኅሊና ጋር ይማከር።

እግረ መንገዴን ልናገር። ከሰሜን ኮሪያም ከደቡብም ጋር እኛ የራሳችን ታሪክ አለን። ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 የዘመተው ለደቡቡ ነው። አዲስ አበባ ያለው የትግላችን ሐውልት ደግሞ በደርግ ዘመን ከሰሜኑ የመጣ ስጦታ ነው። ሄዶ ማየት የሚፈልግ ሰው ጉጉቱ ባዶ አይደለም።

አምስተኛ፦ ሕጉን እችለዋለሁ?

የጣና ገዳማት ይህን በደንብ አስተምረውኛል። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ይህን ስነግራቸው ጀልባው ላይ ቁጭ ብለው በሰላም የሚጠብቁ አሉ። የሚቆጡም አሉ። የሚቆጡት የውሏቸውን ደስታ ሁሉ ያጣሉ። መካም ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይገባም። በሳዑዲ፣ በአል ዑላ ያለችውን ሄግራን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውን የናባጣውያን ከተማ፣ ማንም ማየት ይችላል። «ይህን ማየት እችላለሁ፣ ያንን አልችልም» ብላችሁ ከቤታችሁ ወስናችሁ ሂዱ።

ፎቶ ላይ ተጠንቀቁ። ዓባይ በረሃ ላይ ድልድዩን ላንሳ ያለ እንግዳ ጠባቂ ሲቆጣው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ወታደር፣ ድልድይ፣ አየር ማረፊያ፣ ኬላ ካሜራ አይነሣበትም። ስለ መሪው ቀልድ አትናገሩ፣ አትጻፉም። ድንበር ከመድረሳችሁ በፊት ስልካችሁ ውስጥ ያለውን ፖለቲካ አጽዱ። ከሁሉ በላይ ግን የአስጎብኚያችሁን ነገር አስቡ። እናንተ ያጠፋችሁትን እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የሚጠየቅበት እሱ ነው። አስጎብኚ ሆኜ ስለኖርኩ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም።

የአሜሪካ ጉዞ የምታስቡ ደግሞ ይህን እወቁ። ያለቪዛ አሜሪካ መግባት የሚችሉ ሀገራት ዜጎች እንኳ ሰሜን ኮሪያ ከሄዱ ያ ዕድል ይቀርባቸዋል፤ ቪዛ መጠየቅ አለባቸው። ቪዛ ጠያቂ ለሆንነው ለኛ ደግሞ የምንጠየቀው ጥያቄ ይጨምራል። የሄዳችሁበትን አትደብቁ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን አስቡበት።

ስድስተኛ፦ ወጪና ጤና

ቡታንን በምሳሌ ላስላ። ጎብኚ በየሌሊቱ 100 ዶላር የልማት ክፍያ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. እስከ መስከረም 2023 ድረስ 200 ነበር። የቪዛ ማመልከቻው 40 ዶላር ነው። ለስድስት ሌሊት 640 ዶላር ማለት ነው። ሆቴል፣ ምግብ፣ አስጎብኚና ከዴልሂ ወይም ከባንኮክ ወደ ፓሮ የሚወስደው አውሮፕላን ገና አልተቆጠረም። አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለዚህ ነው። በስሌታችሁ ላይ ድንገት ትኬት ቀይሮ ለመውጣት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ጨምሩ። ያ ገንዘብ ከሌላችሁ ጉዞው ገና አልደረሰም። ምንዛሪ ከባንክ ስትጠይቁ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ያዙ። ከጥቁር ገበያ የተገዛ ዶላር ይዞ ድንበር ላይ መጠየቅ ሌላ ጣጣ ነው።

ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው ብዙ ሀገር የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃል። ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተከተቡ። አንድ ጊዜ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የዘወትር መድኃኒት ያለው ሰው እዚያ አገኛለሁ ብሎ አይሂድ።

ሰባተኛ፦ ቀን ቁረጡ፣ ወረቀት ተዉ

መልሶቹን አንድ ገጽ ላይ ጻፉና የምትወስኑበትን ቀን ቁረጡ። የምትወስኑት ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይሁን። ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ ሰው መረጃ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ማጽናኛ ነው። አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ጥያቄ ላይ ሁለት «አይሆንም» ካለ ለዘንድሮ ተዉት። ሦስተኛው ብቻውን «አይሆንም» ካለም እንዲሁ። የቀሩት በገንዘብና በጊዜ የሚስተካከሉ ናቸው።

ልትሄዱ ከወሰናችሁ ወረቀቱን ቤት ለሚቀር ሰው ስጡ። የምታድሩበት ቦታ ከነቀኑ፣ የአስጎብኚው ስልክ፣ ቅርብ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ የፓስፖርታችሁ ኮፒ፣ የኢንሹራንሱ ቁጥር ይኑርበት። «እስከዚህ ቀን ካልደወልኩ ለእነዚህ ደውሉ» የሚል መስመርም ጨምሩ።

የአክስቴ ልጅ አሁን ሥራ ይዟል። ባለፈው ጥቅምት ቡታን ሄደ። አክስቴ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ለታናሽ እህቱ ሰጥቷት ነበር፤ እሷ ግን እናቷ ፊት ሦስት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችላት። አክስቴ ከእጇ ተቀብላ ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ ሰካችው። ልጁ ተመልሶ ደብረ ማርቆስ ገብቶ ቡና ሲፈላ ነው ያወጣችው።